ድምፅዋ የታሸገባት ሴት

ፖሊሶቹ የመጡት ትርሲት ወልደሰንበት ለሥራ ልትወጣ ጫማዋን እያጠለቀች ሳለ ነበር። አንደኛዋ ትእዛዙን አነበበች። አብሯት የመጣው ወጣት ከትርሲት አገጭ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ማኅተም ለጠፈ። አላመማትም።

«ከአሁን ጀምሮ ድምፅዎ ኤግዚቢት ነው» አለች ፖሊሷ። «የድምፅ ተቀባይ መሣሪያ ባለበት ቦታ አንዲት ቃል ቢናገሩ በማስረጃ ላይ ጉዳት እንዳደረሱ ይቆጠራል። ያን ጊዜ ፍርድ እስኪሰጥ ማረፊያ ቤት ይቆያሉ። ገባዎት?»

ትርሲት «አዎ» ልትል አፏን ስትከፍት ፖሊሷ ፈጠን ብላ እጇን አነሳች።

«ራስዎን ብቻ ይነቅንቁልኝ።»

ነቀነቀች። ፖሊሶቹ አመስግነዋት ወጡ።

ክሱን ያነበበችው ከሄዱ በኋላ ነው። ትርሲት ድሬዳዋ በሚገኘው በሰገነት ሆስፒታል የሕክምና ዕቃዎች ግምጃ ቤት ኃላፊ ናት። ያለ እሷ ድምፅ ከግምጃ ቤቱ አንዲት ጓንት አትወጣም። «ይውጣ» ስትል ይወጣል፤ «ይቆይ» ስትል ይቆያል። ክሱ እንደሚለው ጥቅምት ውስጥ በእሷ ድምፅ በተሰጠ ትእዛዝ የሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ማጣሪያዎች በሙሉ ለአንድ የግል ነጋዴ ተላልፈዋል። ነጋዴው ድንበር አሻግሯቸዋል። የእጥበት ክፍሉ ተዘግቶ ሰንብቷል፤ አንድ ሕመምተኛም ሞቷል። ወንጀሉ «በኮምፒውተር ሥርዓት የተፈጸመ ከባድ የማታለል ወንጀል» ይባላል።

ጥቅምት ውስጥ ትርሲት ድሬዳዋ አልነበረችም። የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሐረር፣ ልጇ ሐመልማል የመጀመሪያ ልጇን የወለደችበት ቤት፣ ገንፎ ስታገነፋና ዳይፐር ስትቀይር ነበር። ይህ ግን አይጠቅማትም። ድምፅ የትም ሆኖ ይፈርማል፤ ሕጉ ይህን ካወጀ ቆይቷል።

ድሬዳዋ ውስጥ ተቀባይ የሌለበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ሊፍቱ «ስንተኛ ፎቅ?» ይላል፤ ካልመለሱለት አይንቀሳቀስም። ባጃጁ መድረሻውን ሳይሰማ አይነሳም። የገዛ ቤቷ በር «ማን ልበል?» ይላል። ትርሲት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዚያ ሙቀት ደረጃውን በእግሯ እየወጣች፣ በሯ ፊት ቆማ ጎረቤት መጥቶ እስኪያስከፍትላት ትጠብቅ ነበር። ዳቦ ቤት ገብታ በጣቷ ስታሳይ ባንኮኒው «አልሰማሁዎትም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ» ይላታል። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ይነጫነጫል። ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ሐመልማል ልጇን ታቅፋ ከሐረር መጣች። ከዚያ ወዲህ ለሊፍቱም ለበሩም ለዳቦ ቤቱም የምትናገረው እሷ ሆነች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ትርሲት ትታቀፈዋለች፣ ታወዛውዘዋለች። እሹሩሩ ማለት ግን አትችልም፤ የግድግዳው ተቀባይ ይሰማል። ሕፃኑ ያንን ዝም ያለ ፊት ቀና ብሎ እያየ ይብስበት ነበር።

ሕጉ የመንግሥት ተከላካይ መደበላት። ተከላካዩ ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ስክሪን ላይ የሚገኝ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው። ዐቃቤ ሕግ የሚገለገልበትን ሥርዓት የሠራው ድርጅት ነው ይህንንም የሠራው። ይህም የተደበቀ ነገር አይደለም፤ ስክሪኑ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ትርሲት» አላት። «ከእርስዎ ጉዳይ ጋር የሚመሳሰሉ ውሳኔዎችን ተመልክቻለሁ። ጥፋትዎን ካመኑ ቅጣቱ በእጅጉ ይቀልልዎታል። ያምናሉ?»

«አላምንም» የሚለውን ቁልፍ ነካች።

«ተረድቻለሁ። የማያምኑበትን ምክንያት በድምፅዎ ያስረዱ።»

ትርሲት አገጯን ቀና አድርጋ ማኅተሙን አሳየችው።

«አልሰማሁዎትም። ምክንያትዎን በድምፅዎ ያስረዱ።»

ማኅተሙን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ተከላካዩ እንደገና ጠየቃት። እንደገና። በመጨረሻ «ተከሳሿ ምክንያት አላቀረበችም» ብሎ መዘገበና መልካም ቀን ተመኘላት። ትርሲት ስክሪኑን በጡጫዋ መታችው። አልተሰበረም። በማግስቱ ክሷ ላይ «በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት ለማድረስ መሞከር» የሚል ተጨመረ።

ሰው ጠበቃ መቅጠር አልተከለከለም። ሐመልማል ሕፃኑን አዝላ የከዚራን ሰፈር ከላይ እስከ ታች አካለለችው። ቢሮ ካላቸው ጠበቆች አንዱ፣ መልካም ጠባይ ያለው ሰው፣ ውሃ አስቀርቦላት ሁሉንም ሰማ።

«የውክልና ውሉ በእናትሽ ድምፅ መመዝገብ አለበት» አላት።

«ድምፅዋ እኮ ታሽጓል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አስፈቱት።»

«ለማስፈታት ምን ያስፈልጋል?»

«ጠበቃ» አለ ሰውየው። አላሾፈም፤ አዝኖ ነው የተናገረው። ሐመልማል ግን ውሃውን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ወጣች።

ነጂብ ኡመርን ያገኘችው መጋላ፣ ገበያው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ቢሮው ከአንድ ጨርቅ መደብር በላይ ነው። ስልሳ ዓመት የሚጠጋው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚያኖር ሰው ነው። የማታለልና የሳይበር ወንጀል ክሶችን የሚይዝ፣ በከተማው ውስጥ እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሌሎቹ ለተከላካዩ ትተውለታል። ነገሩን ሳትጨርስለት፣

«እናትሽ በእጇ መጻፍ ትችላለች?» አላት።

«ትችላለች።»

«በእጅ የሚፈረም ውክልና አልተሻረም። ረስተውት ነው። ዘመድ ያልሆኑ፣ በአካል የሚያውቋት ሦስት ምስክሮች አምጪልኝ፤ እነሱም በእጃቸው ይፈርማሉ።»

«ይሄማ ቀላል ነው።»

«አቦ፣ ቀላል አይደለም» አለ ነጂብ። «የፈረመ ሰው ስሙ ከእሷ መዝገብ ጋር ይያያዛል። ብድር ሲጠይቅ፣ ሥራ ሲቀይር፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስገባ ይመጣበታል። ሂጂና ሞክሪ።»

ልክ ነበር። የትርሲት የሆስፒታል ባልደረቦች፣ በየልደቱና በየለቅሶው አብረዋት የኖሩት፣ ሐመልማልን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የባቡር መካኒክ፣ አቶ ገረሱ፣ «እኔ ከዚህ በኋላ ማን ያበድረኛል?» ብለው ፈረሙ። ፀጉር ሠሪዋ ሶስና እያለቀሰች ፈረመች። ሦስተኛ ጠፋ።

ዘምዘም አህመድ ትርሲት ቤት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ማንም አልጠራትም። በሩ «ማን ልበል?» ሲላት፣ «የሟቹ እህት በል!» ብላ ጮኸችበት። ሐመልማል ከፈተችላት። ዘምዘም ጥቁር ለብሳለች። ገብታ ትርሲት ፊት ቆመች።

«ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ፣ ‹ዛሬም ማጣሪያ አልመጣም?› እያለ ነው የሞተው» አለች። «እግሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት። እኔ ኮሪደሩ ላይ እየተንበረከክሁ ነርሶቹን ስለምን አንቺ ሸጠሽው ነበር። ለምን? በይ ንገሪኝ! ፊቴን እያየሽ ንገሪኝ!»

ትርሲት ቆማ አየቻት።

«ተናገሪ እንጂ! ንቀት ነው? እኔ ሰው አይደለሁም?»

«መናገር አትችልም!» አለች ሐመልማል መሐል ገብታ። «እዪው አገጯን። አንዲት ቃል ካወጣች ይወስዷታል። በራሷ ቤት፣ ለልጅ ልጇ እንኳን አትናገርም!»

ዘምዘም ማኅተሙን አየች። ቁጣዋ አልበረደም፤ መሄጃ አጣ እንጂ።

«እሺ፣ የት ነው የምትናገረው?» አለች። «የሆነ ቦታማ ትናገራለች። እኔ ሳልሰማ አልሄድም።»

የምትናገርበት ቦታ አንድ ነው። በበጋ የሚደርቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀባይ የለም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ እየጠረገው ስለሚሄድ መትከሉን ትተውታል። ነጂብ ደንበኞቹን የሚያነጋግረው እዚያ ነው። በማግስቱ ጠዋት ስልካቸውን ቤት ጥለው ወረዱ፤ ትርሲት፣ ሐመልማል፣ ዘምዘም። ነጂብ ጃንጥላ ዘርግቶ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ዘምዘም ማን እንደሆነች ሲሰማ ተነሳ።

«ይሄ አይሆንም» አለ። «ጠበቃና ደንበኛ የሚነጋገሩትን ሌላ ሰው አይሰማም። የሟች ቤተሰብማ ጭራሽ።»

ትርሲት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከታሸገች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ስለነበረ ሲወጣ ተሰነጣጠቀ።

«ትስማ» አለች። «ከእሷ የምደብቀው የለኝም።»

ነጂብ ትከሻውን ሰብቆ ተቀመጠ።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎት» አለችው ትርሲት። «እንዲህ ያለ ክስ ስንቱን አሸንፈዋል?»

«ጥቂቱን። ብዙውን ተሸንፌያለሁ። ‹አሸንፍልዎታለሁ› የሚል ጠበቃ ካገኙ አይቅጠሩት። እኔ የምልዎት፣ አልተኛም፣ አልዋሽዎትም። እርስዎም አይዋሹኝ። ማጣሪያዎቹን ሸጠዋል?»

«አልሸጥኩም!» ጮኸች። ወንዙ ዳር የነበሩ ፍየሎች ቀና አሉ። «ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት መርፌ ያለ ቦታዋ አላወጣሁም። ሐረር ነበርኩ። ልጄ ምጥ ላይ ነበረች። ሰው ለምን አይጠይቀኝም? ማንም አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም! ማሽኑ ‹ተናገሪ› ይለኛል፣ ስናገር እታሰራለሁ!»

ነጂብ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«የዓመት ፈቃድ ሲወጡ ሥራዎን ማን ይሠራል?»

«ማንም አይሠራም።»

«ግምጃ ቤቱ ይዘጋል?»

«አይዘጋም። ስመለስ ሁሉም ተሠርቶ ነው የማገኘው። ጓንቱም፣ መርፌውም ወጥቶ፣ ተመዝግቦ...»

«ያለ ድምፅዎ አንዲት ጓንት አትወጣም ብለውኛል። ታዲያ እርስዎ በሌሉበት ‹ይውጣ› የሚለው ማነው?»

ትርሲት ይህን ጠይቃ አታውቅም። ከፈቃድ ሲመለሱ የተከመረ ሥራ አለመኖሩ ሁሉንም ሠራተኛ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበር። ደስ ብሏት ተቀበለችው እንጂ አልጠየቀችም።

«ሲቀጥሯችሁ የድምፅ ቅጂ ይወስዳሉ» አለ ነጂብ። «‹ሥራ እንዳይስተጓጎል› ይሉታል። ከውሉ መሐል አንድ አንቀጽ ነው፤ ማንም አያነበውም። ድምፅዎ ሐረር አልሄደም፣ ወይዘሮ ትርሲት። እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር።»

«ቅጂውን ማን ይዞታል?» አለች ዘምዘም።

«ዳይሬክተሩ ነው መያዝ ያለበት» አለች ትርሲት ቀስ ብላ። «ዶክተር ልዑልሰገድ።»

ዘምዘም አሸዋውን በእጇ እፍኝ አድርጋ ያዘች፣ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ ነጂብ ዞረች።

«ልጅቷ መንገድ ላይ ሦስተኛ ምስክር አጣን ብላኛለች። ወረቀቱን አምጣው፣ ልፈርም።»

ሐመልማል ልታቅፋት ተነሳች። ዘምዘም ገፋቻት።

«ለእናትሽ ብዬ አይደለም» አለች። «እሷ ከታሰረች ነገሩ እዚያው ይዘጋል። እኔ እንዲዘጋ አልፈልግም። በአካል አውቃታለሁ ወይ? አሁን አወቅኋት።»

በእጅ የተፈረመው ውክልና ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲደርስ የሚቀበለው መስኮት ጠፋ። ነጂብ ወረቀቱን ይዞ ከክፍል ክፍል ተመላለሰ። በመጨረሻ ዳኛዋ ራሷ፣ ሥርዓቱ አርቅቆ የሚያቀርብላትን ውሳኔ በማንበብ ዓመታት ያሳለፈች ሴት፣ ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። አንቀጹን አስፈልጋ አነበበች። «የተሻረ አይደለም» አለች፤ ተቀበለችው። ነጂብ ወዲያው የሆስፒታሉ የድምፅ ቅጂ እንዲቀርብ ጠየቀ።

ዐቃቤ ሕጉ በችሎቱ ዕለት ጠዋት ነጂብን ወደ ጥግ ወሰደው። ነጂብ ሲመለስ መነጽሩን አውርዶ እየጠረገ ነበር።

«ሆስፒታሉ ቅጂው አደባባይ እንዲወጣ አይፈልግም» አላቸው። «ክሱ ይቋረጣል። ማኅተሙ ዛሬ ይነሳል። በምትኩ ስለ ቅጂው ለማንም ላለመናገር ግዴታ ይገባሉ።»

«እማዬ፣ ተቀበዪ» አለች ሐመልማል። ዕንባዋ ይወርዳል። «እባክሽ። ልጄ ድምፅሽን አያውቀውም።»

«ጠበቃዎ ነኝና መናገር ያለብኝን ልናገር» አለ ነጂብ። «ይቀበሉ። ከገባን ልንሸነፍ እንችላለን።»

ኮሪደሩ ተቀባይ አለው። ትርሲት እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዛ በመዳፉ ላይ ጻፈች፤ «ዘምዘምስ?»

ነጂብ አነበበው። «ለእሷ የሚደርሳት ነገር የለም» አለ።

ትርሲት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሐመልማል ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገቡ።

ዶክተር ልዑልሰገድ ምስክር ሆኖ ቆመ። ሱፉ ንጹሕ ነው፤ ንግግሩም የተስተካከለ። አዎ፣ የሠራተኞች የድምፅ ቅጂ አለ። አዎ፣ ጥቅምት ላይ የተጠቀመበት እሱ ነው። ሆስፒታሉ ገቢ ያስፈልገው ነበር፤ ሌላ ማጣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ዘገየ። ሕመምተኛውን ያጋጠመው ነገር ያሳዝናል።

«ታዲያ ወይዘሮ ትርሲት ስትከሰስ ለምን ዝም አሉ?» አለው ነጂብ።

«እኔ አልከሰስኳትም። ሥርዓቱ ትእዛዙን በድምፅዋ አገኘው፤ ራሱ ከሰሳት።»

«እርስዎ መሆንዎን ለፖሊስ ለምን አልተናገሩም?»

«አልተጠየቅኩም» አለ ዶክተሩ።

አዳራሹ ውስጥ ዘምዘም ከወንበሯ ተነሳች። ሐመልማል ልብሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

ውሳኔው ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ትርሲት ከክሱ ነጻ ናት። ስክሪኑን ስለመታችው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ዳይሬክተሩ ቅጂውን የተጠቀመው የሥራ ውሉ በፈቀደለት መሠረት ስለሆነ በወንጀል የሚጠየቅበት አንቀጽ አልተገኘም። ቅጂው የሆስፒታሉ ንብረት ነው፤ ተከሳሿ ሥራዋን ብትለቅ እንኳን ውሉ ላይ የተጻፈው ጊዜ እስኪያልቅ በአገልግሎት ላይ ይቆያል። ዳኛዋ ይህንን ስታነብ ቀና ብላ ማንንም አላየችም። የችሎቱ ጸሐፊ መጥታ ማኅተሙን በጥፍሯ ላጠችው።

ኮሪደሩ ላይ ሐመልማል እናቷን አንገቷን አቅፋ አልለቅ አለች። ዘምዘም ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ወንድሜን የገደለው ማነው ታዲያ?» አለችው ነጂብን። «አንድ ሰው ንገረኝ። አንድ።»

«በፍትሐ ብሔር እንሞክራለን» አለ ነጂብ፤ የራሱ ድምፅ ራሱን አላሳመነውም።

በዚህ መሐል ዶክተር ልዑልሰገድ ከአዳራሹ ወጣ። ትርሲትን ሲያይ ፊቱ በራ፤ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ትርሲት፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! በእውነት ተጨንቄ ነበር። ቦታሽ እንዳለ ነው። ሰኞ ግቢ።»

ትርሲት እጁን አልጨበጠችውም። አብረው በሠሩባቸው ዓመታት ሁሉ «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«ስሙን ጥራው» አለችው።

«ምን አልሽኝ?»

«የሞተውን ሰውዬ። ስሙን ጥራው።»

ዶክተሩ ዘምዘምን አየ፤ ነጂብን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቦታ አጣ። «ትርሲት፣ ይሄ ቦታው አይደለም። ብዙ ታካሚ ነው ያለን፤ ሁሉንም በስም...»

«ምስክር ሳጥን ውስጥ ቆመህ ‹ሕመምተኛው፣ ሕመምተኛው› ስትል ዋልክ። ስም አለው! እህቱ ፊትህ ቆማለች! ጥራው!»

ጥበቃው ፈጠን ብሎ መጣ። «እናቴ፣ ፍርድ ቤት ነው፤ ድምፅዎን ይቀንሱ።»

«አልቀንስም!»

ከየክፍሉ ሰዎች አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ዶክተሩ ወደ ደረጃው ማፈግፈግ ጀመረ። ትርሲት ተከተለችው።

«ኢብሳ ነው! ኢብሳ አህመድ! ጥራው!»

ዘምዘም ከግድግዳው ተላቀቀች። ከትርሲት ጎን መጥታ እሷም ጮኸች፤ የወንድሟን ስም፣ ከዚያ የአባቷን፣ ከዚያ የአያቷን። ዶክተሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለ ወረደ። ሁለቱ ሴቶች ከኋላው ወረዱ። ዶክተሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አላቆሙም፤ ከዘጋው በኋላም መስታወቱን በመዳፋቸው እየመቱ ስሙን ይጠሩ ነበር።